የፈቃድ መለወጫ ዋጋ

መንግሥት ለነጋዴ ፈቃድ ሲሰጥ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛው፤ ነጋዴው በሕግ ጥላ ሥር ሆኖ ሥራውን እንዲሠራ መብት መስጠት ነው። ሁለተኛው፤ በዚያ ቤት ምን እንደሚሸጥ፤ በስንት ሰዓት እንደሚከፈትና ማን እንደሚያዝበት በመዝገብ ጽፎ ለጎረቤቱም ለፖሊሱም ማስታወቅ ነው። መብቱ የነጋዴው ነው፤ መዝገቡ ግን የሁሉ ነው። የነጋዴው ኑሮ ደግሞ እንደ መዝገቡ ቀለም ረግቶ አይቀመጥም፤ ቤቱ ይሰፋል፤ አዛዡ ይሰናበታል፤ ሰዓቱ ይረዝማል፤ አድራሻው ይለወጣል። ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ሁሉ ከፈቃዱ ዋጋ ይልቅ ስለ ፈቃዱ መለወጫ ዋጋ አጥብቆ ሊያስብ ይገባዋል። የመለወጫው ዋጋ የከበደ እንደሆነ ነጋዴው ለውጡን ይሰውራል፤ መዝገቡም ሐሰተኛ ይሆናል። ከመጠን በላይ የቀለለ እንደሆነ ደግሞ ለውጡን የሚመረምረው መሥሪያ ቤት የድካሙን ዋጋ ከሌላ ሰው ግብር ላይ ለመውሰድ ይገደዳል።

ይህ ነገር በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በሥራ ሲታይ ግን ብዙ ሹማምንትን የሚያሳስት ነው። እውነቱን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው በእንግሊዝና በዌልስ አገር ስለ መጠጥ ቤቶች ፈቃድ የቆመውን የዋጋ ሠንጠረዥ ቢመለከት ይጠቀማል። ሠንጠረዡ ሳይነካ 20 ዓመት የኖረ በመሆኑ መልካሙም ጉድለቱም በግልጥ ይታያል። (ከዚህ በታች ስለ እንግሊዝ አገር የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ አገር መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። የቢራ መሸጫ ቤቶች በአጥቢያ ዳኞች ፈቃድ እንዲሠሩ የታዘዘው በንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ዘመን በ1552 ነው። ከዚያ ጀምሮ ሥልጣኑ ከ450 ዓመት በላይ በዳኞች እጅ ቆየ። በ2003 የወጣው የፈቃድ ሕግ ግን ሥልጣኑን ከዳኞች ወስዶ ለከተማና ለአውራጃ ምክር ቤቶች ሰጠ፤ በኅዳር 2005 በሙሉ በሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ አራት ነገሮችን ይጠብቃል፤ ወንጀልና ሁከት እንዳይነሣ፤ የሕዝብ ደኅንነት እንዲጠበቅ፤ ጎረቤት እንዳይታወክ፤ ሕፃናት ከጉዳት እንዲድኑ። ምክር ቤቱ ፈቃድ ሲሰጥም ሆነ ሲለውጥ ከእነዚህ ከአራቱ በቀር ሌላ ምክንያት ሊያነሣ አልተፈቀደለትም።

የዋጋው ሠንጠረዥ በ2005 በወጣ ደንብ የተወሰነ ነው። ዋጋው የሚለካው ቤቱ ለግብር በተገመተለት ዓመታዊ ኪራይ ነው። ግምቱ እስከ 4,300 ፓውንድ ለሆነ ቤት 100 ፓውንድ፤ ከዚያ በላይ እስከ 33,000 ለሆነው 190፤ እስከ 87,000 ለሆነው 315፤ እስከ 125,000 ለሆነው 450፤ ከዚህም ለሚበልጠው 635 ፓውንድ ይከፈላል። ከሁሉ በላይ በሆኑት በሁለቱ ደረጃዎች የሚገኝ ቤት ዋና ሥራው መጠጥ ማስጠጣት ብቻ የሆነ እንደሆነ፤ 450ው እጥፍ ሆኖ 900፤ 635ቱም ሦስት እጥፍ ሆኖ 1,905 ፓውንድ ይሆናል። አንባቢው እዚህ ላይ የሚያስተውለው ነገር አለ። ይህ ገንዘብ አዲስ ፈቃድ ለሚያወጣ ብቻ አይደለም፤ ያለውን ፈቃድ ለሚለውጥም ያው ነው። ቤቱን በአዲስ የሚከፍተው ሰውና የከፈተውን ቤት አንድ ሰዓት ለማስረዘም የሚለምነው ሰው በአንድ መስኮት ቆመው አንድ ዓይነት ዋጋ ይከፍላሉ።

ከዚህ ሌላ ጥቃቅን ለውጦች ለብቻቸው ዋጋ አላቸው። ፈቃዱን ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ለማዛወር 23 ፓውንድ፤ በቤቱ የመጠጥ ሽያጭ አላፊ የሆነውን ሰው ለመለወጥም እንዲሁ 23 ፓውንድ፤ ስምን ወይም አድራሻን ለማስተካከል 10 ፓውንድ ተኩል ነው። በእነዚህ ዋጋዎች እንግሊዛውያን በጎ አሳብ አሳይተዋል። የቤቱ አላፊ ማን እንደሆነ ማወቅ ከምንም ነገር በፊት ለፖሊስ ያስፈልጋል፤ ሌሊት ጠብ ቢነሣ የሚጠራው እርሱ ነውና። ይህን ስም ለመለወጥ 300 ወይም 600 ፓውንድ ቢጠየቅ ኖሮ፤ ከቤቱ ከወጡ ሦስት ዓመት የሆናቸው ሰዎች ስም በየመዝገቡ ተጽፎ ይገኝ ነበር።

በኢትዮጵያም የመዝገብ ሥራ የተሰጣቸው ሹማምንት ይህን ያውቁታል። በ2008 ዓመተ ምሕረት የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 በመዝገብ የገባ ነገር ሲለወጥ ነጋዴው እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ግዴታውን በአዋጅ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ ነጋዴው ሳይፈራና ሳይሰለች እንዲመጣ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህንንም ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በመስኮቱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ለውጥ እንመለስ። በእንግሊዝ አገር ሰዓት ለማስረዘም ወይም በቤቱ ያልነበረ ሥራ ለመጨመር የሚፈልግ ነጋዴ ማመልከቻውን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ለፖሊስ፤ ለእሳት አደጋ ሹሞች፤ ለጤና ጥበቃና ለሌሎችም መሥሪያ ቤቶች እንዲደርስ ይደረጋል። ቀጥሎም አሳቡን በቀላል ሰማያዊ ወረቀት ጽፎ አላፊ አግዳሚ በሚያነበው ቦታ 28 ቀን ሙሉ በደጃፉ ይለጥፋል። በአካባቢው በሚነበብ ጋዜጣም ያሳውጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጎረቤትም ሆነ ባለሥልጣን ተቃውሞ ያቀረበ እንደሆነ የምክር ቤቱ አባሎች ተቀምጠው የሁለቱንም ወገን ቃል ይሰማሉ፤ በፍርዱ ያልተስማማም ወደ ዳኞች ይግባኝ ይላል። ተቃዋሚ ካልመጣ ለውጡ በቀጥታ ይጸናል።

ይህ ሥርዓት የሚያስመሰግን ነው። በመጠጥ ቤት አጠገብ የሚኖር ሠራተኛ ጧት በማለዳ ተነሥቶ ወደ ሥራው የሚሄድ ነው፤ የጎረቤቱ ቤት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ከበሮ ሊመታበት ሲታሰብ አስቀድሞ ሊሰማና ሊናገር ይገባዋል። ለጋዜጣው ማስታወቂያ የሚወጣው ገንዘብ ግን አንዳንድ ጊዜ ለመንግሥት ከሚከፈለው ዋጋ የሚተካከል ወይም የሚበልጥ ይሆናል፤ በሠንጠረዡም ውስጥ አይታይም። ማስታወቂያ በመቀበል የሚኖር ጋዜጣ ይህን ሲጽፍ በራሱ ላይ የሚመሰክር ይመስላል፤ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው። ዋጋ የሚያሻሽል ሹም ነጋዴው ለመንግሥት የሚከፍለውን ብቻ ሳይሆን በመንግሥት ትእዛዝ ለሌላ ሰው የሚከፍለውንም መቍጠር አለበት።

ሕጉ ሥራ ላይ በዋለ በጥቂት ዓመት ውስጥ አንድ ጉድለት ተገለጠ። ወንበሩን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ለማዛወር ወይም መሸጫ ጠረጴዛውን ትንሽ ፈቀቅ ለማድረግ የፈለገ ባለ ቤት ሰዓት እንደሚያስረዝም ሰው ሙሉውን ዋጋ ይከፍል፤ 28 ቀንም ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ በ2009 ትንሽ ለውጥ የሚባል አዲስ መንገድ ተከፈተ። ዋጋው ለትልቅም ለትንሽም ቤት 89 ፓውንድ ሆነ፤ ማስታወቂያው በነጭ ወረቀት ለ10 የሥራ ቀን ይለጠፋል፤ ምክር ቤቱም በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ሊወስን ይገደዳል። ሳይወስን ቀኑ ያለፈ እንደሆነ ማመልከቻው እንዳልተፈቀደ ይቈጠራል፤ ገንዘቡ ግን ለአመልካቹ ይመለስለታል። የመጠጥ ሽያጭ ሰዓት ለመጨመር ወይም መጠጥ ባልነበረበት ቤት መጠጥ ለማስገባት ግን በዚህ መንገድ መምጣት አይቻልም። በተለይም ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጧቱ 1 ሰዓት፤ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር፤ መጠጥ ለመሸጥ የሚጠይቅ ሁሉ በትልቁ በር እንዲገባ ታዟል።

ከዚህ ደንብ ውስጥ ለሹማምንት ሁሉ የሚጠቅመው ገንዘቡ የሚመለስበት ሥርዓት ነው። መሥሪያ ቤት ዋጋ ተቀብሎ ሥራውን በቀኑ ሳይፈጽም ሲቀር ዋጋውን ይመልስ ማለት፤ ክፍያው የድካም ዋጋ እንጂ ግብር እንዳልሆነ በተግባር ማሳየት ነው። በብዙ አገር ነጋዴ ደረሰኝ ይዞ ወር ይመላለሳል፤ ለዘገየበት ግን ምንም አይከፈለውም። እንግሊዛውያን ይህን ቅጣት በትንሹ ለውጥ ላይ ብቻ አድርገው በትልቁ መተዋቸው ምክንያቱ ለምን እንደሆነ አይገባም።

ከመልካሙ ነገር ወደ ጉድለቱ ስንሻገር፤ የመጀመሪያው ጉድለት መለኪያው ራሱ ነው። በሎንዶን ውድ መንገድ ላይ ሠላሳ ወንበር ያላት ጸጥተኛ ምግብ ቤት ትኑር እንበል፤ ኪራይዋ ከ125,000 በላይ ስለ ተገመተ ለለውጥ 635 ፓውንድ ትከፍላለች። በሩቅ አውራጃ ከተማ ደግሞ ሦስት መቶ ሰው የሚጨፍርበት አዳራሽ ኪራዩ በ30,000 ተገምቶ 190 ፓውንድ ይከፍላል። ጎረቤቶች ተሰብስበው የሚቃወሙት፤ ፖሊስ የሚጽፍበት፤ የምክር ቤት አባሎች ግማሽ ቀን ተቀምጠው የሚከራከሩበት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ምርመራ አያስፈልግም። ኪራይ የመሬቱን ውድነት ይነግራል እንጂ የመርማሪውን ድካም አይነግርም። ከዚህም ሌላ የኪራዩ ግምት በየጊዜው ይታደሳል፤ በ2010፤ በ2017ና በ2023 ታድሷል፤ የሠንጠረዡ ወሰን ግን ባለበት ቆሟል። ስለዚህ አንዳንዱ ቤት በውስጡ አንዲት ወንበር ሳይጨመርበት በመንገዱ መድመቅ ብቻ ከ190 ወደ 315 ይወጣል።

ሁለተኛው ጉድለት የዋጋው መቆም ነው። በ2005 የተወሰነው ዋጋ እስከ 2025 ድረስ አንድ ሳንቲም አልተጨመረበትም። በዚህ ጊዜ ውስጥ በአገሩ የኑሮ ውድነት ከግማሽ በላይ ጨምሯል፤ የጸሐፊውም ደመወዝ፤ የወረቀቱም ዋጋ፤ የስብሰባው አዳራሽ መብራትም እንደዚሁ። መንግሥቱ ራሱ ባቆመው የመርማሪዎች ጉባኤ በ2006 ነገሩን አስመርምሮ ነበር፤ ጉባኤውም ጭማሪ እንዲደረግ መከረ፤ ምክሩ ግን አልተፈጸመም። ዋጋ ባለበት መቆሙ ለነጋዴው ቸርነት የሚመስለው ሰው አለ። ነገር ግን ምርመራው ገንዘብ ይፈጃል፤ ነጋዴው ያልከፈለውን ምክር ቤቱ ከከተማው ግብር ይከፍለዋል። ከከተማውም ግብር ከፋዮች አንዱ፤ ቤቱ ሌሊት እንዳይረዝም ሲለምን የነበረው ያ እንቅልፍ ያጣ ጎረቤት ነው። ጎረቤቱ የሚቃወመውን ማመልከቻ የማስመርመሪያ ዋጋ ራሱ ያዋጣል ማለት ነው።

ነጋዴዎቹም የሚያቀርቡት መልስ አላቸው፤ ሊሰማም ይገባል። የእንግሊዝ አገር መጠጥ ቤቶች ከዓመት ወደ ዓመት እየተዘጉ መሆናቸው የታወቀ ነው። በ2020 በሽታው በተነሣ ጊዜ ቤቶቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መንግሥቱ በቤት ውስጥ ብቻ እንዲሸጡ የተፈቀደላቸው ሁሉ መጠጡን ለሚወስድ ሰው ደጅ እንዲሸጡ ያለ ማመልከቻና ያለ ዋጋ ፈቀደላቸው። ይህ ፈቃድ ጊዜው እየተራዘመ እስከ መጋቢት 31 ቀን 2025 ቆየ። በማግሥቱም በዚያ ሽያጭ ሊቀጥል የሚወድ ሁሉ ፈቃዱን ማስለወጥ ግዴታው ሆነ። አምስት ዓመት ያህል ያለ ነቀፋ የሠራበትን ሥራ፤ እንደ አዲስ ነገር አመልክቶ በሠንጠረዡ መሠረት ይክፈል ተባለ። ይህን ያህል ጊዜ በሥራው ተፈትኖ ጎረቤት ያልከሰሰው ነጋዴ ገና ካልታወቀው ሰው ጋር እኩል መታየቱ ፍርድ አይመስልም። ለእንደዚህ ያለው ሰው የ89 ፓውንዱ በር ሊከፈትለት ይገባ ነበር።

ሦስተኛው ነገር ዋጋው የየትኛው ሥራ ዋጋ እንደሆነ መለየት ነው። በዚህ ነገር በሎንዶን የዌስትሚኒስተር ምክር ቤት በሌላ ዓይነት ፈቃድ ላይ የደረሰበት ክርክር ትምህርት ይሰጣል። ምክር ቤቱ ለዐዋቂ ብቻ የሚሸጡ የነውር ሱቆችን በ2011 ለአንድ ዓመት ፈቃድ 29,102 ፓውንድ ይጠይቃቸው ነበር። ከዚህ ውስጥ 26,435ቱ ማመልከቻውን ለመመርመር ሳይሆን ሥርዓቱን ለማስተዳደርና ሕጉን ለማስከበር የሚውል ነበር። ነጋዴዎቹ ተከራከሩ። የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2015 ሕግ የማስከበሩን ወጪ ፈቃድ ካገኙት ነጋዴዎች መቀበል እንደሚቻል ተናገረ፤ በማመልከቻው ጊዜ አስቀድሞ ስለ መቀበሉ ግን ነገሩን ወደ አውሮፓ ፍርድ ቤት ላከው። ያም ፍርድ ቤት በ2016 ገንዘቡ ፈቃድ ላጣው በኋላ የሚመለስ እንኳ ቢሆን አስቀድሞ መቀበል አይገባም ብሎ ፈረደ። ስለ ሱቆቹ ማዘን አያሻም፤ ነገሩ ግን የሚመለከተው ሌላውን ሐቀኛ ነጋዴ ሁሉ ነው። የመርማሪው ድካም በማመልከቻው ጊዜ፤ የጠባቂው ድካም በየዓመቱ፤ እያንዳንዱ በየስሙ ይከፈል። በመጠጥ ቤቶች ሕግ ለጥበቃው የሚሆን ዓመታዊ ክፍያ፤ እንደ ቤቱ ደረጃ ከ70 እስከ 350 ፓውንድ፤ ለብቻው አለ። እንግዲህ በመለወጫው ዋጋ ውስጥ ከምርመራው በቀር ሌላ ነገር ሊገባበት አይገባም።

ስለ ምሕረቱም አንድ ቃል ይነገር። አብያተ ክርስቲያናት፤ የሰበካ አዳራሾችና የመንደር መሰብሰቢያ ቤቶች መጠጥ ሳይሸጡ ዘፈንና ጨዋታ ብቻ ለማሳየት ፈቃድ ሲያወጡ ወይም ሲያስለውጡ ምንም አይከፍሉም። መጠጥ የጨመሩ እንደሆነ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ይከፍላሉ። ምሕረቱ ለሚሠራው ሥራ እንጂ ለቤቱ ስም አለመሰጠቱ የተመዘነ ፍርድ ነው።

የቀረው ጥያቄ ዋጋውን ማን ይወስን የሚለው ነው። በ2011 የወጣ ሌላ ሕግ በአንቀጽ 121 ሚኒስትሩ በደንብ ሲፈቅድ የየከተማው ምክር ቤቶች ወጪያቸውን አይተው ዋጋውን ራሳቸው እንዲወስኑ መንገድ አበጀ። በ2014 የሕዝብ አሳብ ተጠየቀ። ምክር ቤቶቹ ወደዱት፤ ነጋዴዎቹ ግን ዋጋው ያለ ልክ ይወጣብናል ብለው ፈሩ፤ በ2015 መንግሥቱ ነገሩን ተወው። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። በዋና ከተማ ሆኖ ለሁሉ አንድ ዋጋ የሚቈርጥ ሚኒስትር የኒውካስልን ጸሐፊ ድካም አያውቅም፤ በራሱ ገንዘብ ቤት ጉድለት ያለበት ምክር ቤትም ዋጋውን ያለ ወሰን እንዲቈርጥ ቢለቀቅ ጉድለቱን በነጋዴው ላይ ለመሙላት ይፈተናል።

መካከለኛው መንገድ ግን አስቸጋሪ አይደለም። የስምና የአድራሻ፤ የአላፊም ለውጥ ባለበት ዝቅተኛ ዋጋ ይቆይ፤ ኑሮ ቢወደድም አይጨመርበት፤ ይህ ገንዘብ እውነት እንዲመዘገብ የሚከፈል ነውና። የትንሹ ለውጥ 89 ፓውንድ በየሦስት ዓመቱ ይታይ። የትልቁ ለውጥ ዋጋ ከኪራይ ግምት ተላቆ በሚጠየቀው ነገር ይለካ፤ ሌሊቱን የሚያስረዝም፤ የሰውን ቍጥር የሚያበዛ፤ ዘፈን የሚጨምር የበለጠ ይክፈል፤ በሥራው ተፈትኖ ክስ ያልተገኘበት ያነሰ ይክፈል። ምክር ቤቱ ዋጋውን ከመቍረጡ በፊት ያለፈውን ዓመት ወጪ በዝርዝር አትሞ በደጃፉ ይለጥፍ፤ ነጋዴውን በሰማያዊ ወረቀት 28 ቀን የሚያስለጥፍ መሥሪያ ቤት ራሱ አንድ ወረቀት ለመለጠፍ ሊከብደው አይገባም። ሚኒስትሩም ማለፍ የማይቻል ወሰን ያድርግበት።

በሎንዶን ምግብ ቤት ከፍተው ጠጅ ለእንግዳ የሚያቀርቡ ኢትዮጵያውያንም የሚገዙት በዚሁ ሠንጠረዥ ነው፤ ለበዓል ሌሊት አንድ ሰዓት ለመጨመር የሚፈልግ ባለ ቤት ከማናቸውም ጎረቤቱ ጋር እኩል ይሰለፋል። በ2025 የእንግሊዝ መንግሥት የፈቃዱን ሥርዓት ለማሻሻል እንደገና የሕዝብ አሳብ ጠይቋል። ለዋጋው ጉዳይ አዲስ ሕግ ማርቀቅ እንኳ አያስፈልገውም፤ የአንቀጽ 121 ሥልጣን ከወጣ ጀምሮ የሚጠብቀው የሚኒስትሩን ደንብ ብቻ ነው።